ለእማማ በቀለች ያልተነፋው ጥሩምባ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ዐሥራ አምስት ዓመት በየጾሙ መግቢያ እግራቸው ሥር ተንበርክኬያለሁ። በስሕተት የሻርኩትን ዓርብ፣ ጎረቤቴን ያማሁበትን ቀን፣ በንዴት ውሻ የረገምኩትን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይሄን ግን ዘለልኩት። ሰው ገደል ሲያይ መንገድ እንደሚለውጥ እየዞርኩ አለፍኩት።

ከባለቤቴ ከክፍሌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ገመድ መግመድ ነበር። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጠን፣ ደጃፋችን ላይ። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ የጓሳ ሣሩን እየመጠነ ያቀብላል፤ እኔ ጫፉን ይዤ እያከረርኩ ወደ ኋላዬ እሄዳለሁ።

«አጥብቂው እንጂ» አለኝ። «ጊደሯ እኮ እንዳንቺ ጨዋ አይደለችም።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ሣሩን እያየ፣ «አሰሉ፣ በዚህ ፍልሰታ እንቁረብ። አርጅተናል እኮ» አለ።

«እስኪ ክረምቱ ይውጣ» አልኩት።

ስንት ዓመት እንዲህ አልኩት? አንድ ዓመት እግሬን አመመኝ አልኩ፤ አንድ ዓመት ለልጃችን ለግርማ ሠርግ መደገስ አለብን አልኩ፤ ሌላውን ዓመት ምን እንዳልኩ ረስቼዋለሁ። በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት አብረው ካልሆነ አይቆርቡም። ለመቁረብ ያልጎደለ ንስሓ መግባት ነበረብኝ። ንስሓ ለመግባት ደግሞ ይሄን ጉድ ከአፌ ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ስለማልናገር እሱ አልቆረበም። ገመዱን በገመድን በአራተኛው ቀን ወገቤን ብሎ ተኛ፤ በነጋታው፣ ቄስ ሳይደርስለት፣ ሞተ። ሥጋ ወደሙን ከባሌ አፍ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ይሄ ደግሞ የበደሌ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

በለቅሶው ላይ አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ክፍሌን የመሰለ ሰው የት ይገኛል! ያቺን አንድ ጥፋቱንም እግዜር ይቅር ይበለው» አለች። ሌሎቹ «አሜን» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። አሜን! አፌ ውስጥ የከረመ ቅቤ ጣዕም መጣብኝ። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሰዎቹ ሐዘኑ ነው ብለው ደገፉኝ፤ ግንባሬን ውኃ አበሱኝ። ያቺ «አንድ ጥፋቱ» የሱ አልነበረችም። የኔ ናት። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ክፍሌ የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ጥሩምባ ነፊ ነበር። የቅሬው ሰው ሲሞት ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስም ይጠራል። ቆፋሪው የሚቆፍረው፣ ሴቶቹ እህል ይዘው የሚመጡት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት ቄስም መስቀላቸውን ይዘው የሚነሡት ያንን ድምፅ ሰምተው ነው። ያ ካልተነፋ በእኛ አገር ሰው አልሞተም። ሃያ ዓመት ነፍቷል። ዝናብ ነው፣ ደክሞኛል፣ የሞተው ጠላቴ ነው ብሎ ቀርቶ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው የባድሜ ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኅዳር ላይ ገብሱን ውርጭ መታው፤ በልጉም ቀረ። በጎቹ ከስተው ፀጉራቸው በእጅ ይነቀል ነበር። ልጄ ግርማ መሐል ሜዳ ከተማ ለትምህርት እንደ ሄደ ሳይነግረን ዘመተ። ከአንድ ደብዳቤ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሽማግሌዎች ስምንተኛው ሺ ገባ ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞት ነው፤ የግርማን ስም ግን ማንም ፊቴ አይጠራውም። ልክ እንደ ሞተ። ስሙን ላለመጥራት «ያ ልጅሽ» ይሉኛል።

በዚያ ሰሞን ጽጌ መጣች። ጽጌ የእማማ በቀለች ልጅ ናት፤ እማማ በቀለች ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ጽጌ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ፣ እናቷ እግራቸው አልንቀሳቀስ ሲላቸው ልታስታምም ተመለሰች። ስትመለስ ጴንጤ ሆና ነው። እናቷ ግን ማተባቸውን ሳይበጥሱ፣ ረቡዕና ዓርባቸውን ሳይሽሩ ነው የኖሩት። ልጅቱ ቤት ለቤት እየሄደች «አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር አልረሳንም» ትል ነበር። ወንዶቹ «ጸሎቷ በልጉን ካዘነበው እኛም እናጨበጭባለን» እያሉ ይስቁባታል።

እኔ ቤት ስትመጣ ክፍሌ እርሻ ነበር። በሩ ላይ ቆማ፣ «እትዬ አሰለፈች፣ ግርማን በየቀኑ በስሙ እየጠራሁ እጸልይለታለሁ» አለችኝ።

በስሙ። ልጄን ግርማ አለችው። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከቀትር በኋላ ትመጣ ነበር። ወንጌል ይዛ ነው የምትመጣው፤ ማንበብ ግን አይሆንላትም። «ፋብሪካ ማታ ማታ ነው የተማርኩት፤ እኔ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ፊደሉ ነው እኔን የማያውቀኝ» ብላ ትስቃለች። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዳዊት ያስደገመኝ እኔን ነው። «እርስዎ ያንብቡልኝ፣ እኔ እሰማለሁ» አለችኝ፤ አነበብኩላት። ስለ ማዕበሉ፣ ስለ መበለቲቱ ልጅ፣ ስለ ጠፋው በግ አነበብኩ። ሰባኪዋ እሷ ናት ይባላል እንጂ ቃሉ የሚወጣው ከኔ አፍ ነበር። በሩን ዘግቼ አነባለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ስጨርስ ለዝናቡ፣ ለእናቷ፣ ለግርማ ትጸልያለች። አንድ ቀን እንኳ ማርያምን ተዪ፣ ማተብሽን በጥሺ አላለችኝም። እሷ ስትወጣ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። እህልም ይበላልኝ ጀመር።

ይሄን ሁሉ ተቀበልኩ። እንደ ሌባ ተደብቄ፣ ግን ተቀበልኩ። ካልተቀበልኩማ በደሌ ይቀል ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ወሰኑባት፤ ጽጌን ማንም እሳት እንዳያስጭራት፣ በእርሻዋ ወንፈል እንዳይገባላት፣ ቤቷም እንዳይገባ። እናቷን አላነሡም። ክፍሌ ከስብሰባው ሲመለስ ተናዶ ነበር። «ለልጅቱ የፈለጉትን ይበሉ። እማማ በቀለች ግን የቅሬ ሰው ናቸው። የሞታቸው ዕለት እነፋለሁ፤ የሚከለክለኝን አያለሁ» አለ።

በሳምንቱ ምንጭ ወርጄ ውኃ ስቀዳ ጎረቤቴ ዘነበች እንስራዋን አስቀምጣ፣ «አሰሉ» አለችኝ፤ ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ትናንት በጓሯችሁ ሳልፍ እንዴት ያለ ንባብ ሰማሁ መሰለሽ! ጽጌ እንዲህ ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው የቻለችው?»

«እኔ ዳዊቴን ስደግም ነው የሰማሽው» አልኳት።

«እህ! እኔማ የመሪጌታ ልጅ ለጴንጤ ዲያቆን ሆነች ብዬ ደንግጬ። እንግዲህ እልል የምንልበትን ቀን ንገሪን።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዳገቱን እየወጣሁ ራሴን እጠይቅ ጀመር። ለእኔም እሳት ቢከለክሉኝስ? ስሞት ማን ይቀብረኛል? ስለ ልጄ የነበረው ፍርሃት ሁሉ ተረሳኝ፤ የቀረው ስለ ራሴ ያለው ፍርሃት ነው። ጽጌን በሚቀጥለው ቀን «አትምጪ» አልኳት። «ገብቶኛል፣ እትዬ» አለችኝና ሄደች። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በሁለት ሳምንቱ እማማ በቀለች ሞቱ።

ጽጌ የመጣችው በጠዋት ነው። ግቢ አልገባችም፤ ከካቡ ውጭ ቆመች። ዓይኗ ደርቋል። ክፍሌ ከዋዜማው ለቤት ክዳን ሣር ሊያጭድ ጓሳ ሜዳ ሄዶ ነበር።

«እትዬ አሰለፈች፣ እናቴ ዐረፈች» አለችኝ። «ጋሼ ሲመጡ ይንገሩልኝ። ይንፉልኝ። ከአባቴ አጠገብ ቦታዋን አሳይታኛለች፤ ሌላ የምለምነው የለም።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ይሄን ሁሉ አልኩ። ግቢ አላልኳትም። ወጥቼ አላቀፍኳትም። ዘነበች ከበሯ ብቅ እንዳትል እያየሁ ነበር።

ክፍሌ ሣሩን በአህያ ጭኖ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባ። እግሩን አጠብኩት። ቆሎ አቀረብኩለት። «ሰላም ናችሁ? አዲስ ነገር አለ?» አለኝ። ይሄ ነው ጥያቄው፤ ከመንገድ የገባ ሰው የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ።

«ምንም የለም» አልኩት።

ስለ ሃይማኖቴ ቀንቼ ነው እንዳትሉኝ። በኋላ ለራሴ እንዲያ ስል ኖሬያለሁ፤ ለድንግል ማርያም ክብር ነው፣ ለተዋሕዶ ነው ስል። ውሸት ነው! እማማ በቀለች ከኔ የበለጡ ተዋሕዶ ነበሩ። ክፍሌ ወጥቶ ከነፋ ሰዎች «የአሰለፈች ቤት ከጴንጤዋ ጋር ነው» ይላሉ ብዬ ነው። ዘነበች ምንጭ ላይ ዳግመኛ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው። የአንዲት ሴት ሳቅ ፈርቼ የአንዲትን ክርስቲያን ፍትሐት ከለከልኩ። ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄን ልታጠብ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።

ጽጌ ቀኑን ሙሉ ከእናቷ ሬሳ ጋር ተቀምጣ ኮረብታውን ስታይ ዋለች። እምቢ አሉኝ ብላ ነው ያሰበችው። በማግስቱ ከመሐል ሜዳ ሊጠይቋት የመጡ ሁለት የእምነቷ ሰዎች ደረሱላት፤ አንድ ሸማኔም ረዳቸው። አራት ሆነው ቀበሯቸው። በቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ገብስ ማሳቸው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ሰባ ዓመት ያስቀደሱ ሴት ያለ ጸሎተ ፍትሐት፣ ያለ ዕጣን፣ ያለ አንድ «እግዚኦ» አፈር ገቡ።

ወሬው ሲሰማ አገሩ ታመሰ። ለጽጌ አዝነው አይደለም። ለራሳቸው ፈርተው ነው። «ዛሬ ለበቀለች ያልተነፋ ነገ ለኔም ላይነፋ ነው» አለ እያንዳንዱ። በዚያን ጊዜ የሁሉም ልጅ ጦር ሜዳ ነው፣ የሁሉም ጎተራ ባዶ ነው፤ የቀረው ተስፋ በወጉ መቀበር ብቻ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። ጽጌንም አስጠሯት። ራቅ ብላ ቆመች።

የቅሬው ዳኛ፣ «ልጄ፣ ሃይማኖትሽ የራስሽ ነው። እናትሽ ግን የኛ ነበሩ። መሞታቸውን ለማን ነገርሽ?» አላት።

«ለጋሽ ክፍሌ ቤት ተናግሬያለሁ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ክፍሌም ዞረ።

«አሰለፈች፣ መጥታ ነበር?»

«አልመጣችም» አልኩ። ማንም መሐላ ሳይጠይቀኝ ወደ መቅደሱ ዞሬ፣ «ይህች ታቦት ምስክሬ ናት፣ ደጃፌን አልረገጠችም» አልኩ። እግሯ እኮ ከካቡ ውጭ ነበር! በዚያች ሰዓት ይሄንን እንኳ አስቤያለሁ። ደጃፌን አልረገጠችም፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብያለሁ በልቤ። ይሄን ያህል ነበርኩ። እግዚአብሔርን እንደ ገበያ ነጋዴ ላታልለው።

«ጴንጤ ደግሞ መዋሸት ጀመረች!» አለ አንዱ። «እናቷን በራሷ ሥርዓት ለመቅበር የፈጠረችው ነው!» አለ ሌላው። ዘነበች መሬት ላይ እንትፍ አለች። አንድ ጎረምሳ ድንጋይ አነሣ።

ይሄኔ ክፍሌ ብድግ አለ። «ድንጋዩን ጣል» አለው። ቀጥሎም፣ «ልጅቱ አልዋሸችም። ሚስቴም አልዋሸችም። ከጓሳ ስመለስ መንገድ ላይ አግኝታ የነገረችው ለኔ ነው። ያልነፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?» አለው ዳኛው።

«ደከመኝ» አለ ክፍሌ።

በሃያ ዓመት ደክሞት የማያውቅ ሰው!

ጽጌ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር እኔ አልቆልኝ ነበር። ዳኛው «እንዲህ ነው ወይ?» ሲላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ውሸት ነውም አላለች፣ አዎንም አላለች። ድንጋይ ሊወረወርባት የነበረችው ሴት እኔን ሸፈነችኝ። እኔ ደግሞ፣ እዚያው፣ በሁለት ሰው ምሕረት መካከል ቆሜ፣ ተመስገን አልኩ። ተረፍኩ ብዬ።

ቅሬው ጥሩምባውን ከክፍሌ ቀማው። ለአንድ ዓመትም ከጎረምሶች ጋር መቃብር እንዲቆፍር ፈረደበት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው አካፋና ዶማ ተሸክሞ ይወጣ ነበር። መዳፉ ተልጦ ሲመጣ ቅቤ የምቀባው እኔ ነኝ። በዚሁ እጄ።

ያን እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጠይቀኝ ያን ጊዜ እናገር ነበር እላለሁ፤ ግን ማን ያውቃል? ደጃፍ ስንደርስ፣ «ጨው አልቋል ብለሽኝ ነበር አይደል? ነገ ሞላሌ ገበያ እወርዳለሁ» አለኝ። በቃ። ከዚያ ቀን እስከ ሞተበት ቀን ያን ነገር አላነሣውም። ያውቅ ነበር። ማወቁን አውቅ ነበር። ከአንድ ሰሃን እንበላ ነበር። ዛሬ ሳስበው «እንቁረብ» ሲለኝ የነበረው ለዚህ ይሆን? እንድናገር በር እየከፈተልኝ ይሆን? በየዓመቱ ከፈተ፤ በየዓመቱ ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

ጽጌ በወሩ ቤቱን ጥላ ደብረ ብርሃን ሄደች። በዓመቱ ግርማ ተመለሰ፤ ሁለት ጣቱን አጥቶ፣ ግን በእግሩ ተመለሰ። ለማርያም ዝክር ደገስኩ። አገር ጠራሁ። በስሙ እየጠራች ስትጸልይለት የነበረችውን ሴት አላነሣሁም። ግርማ አሁን የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሱፍ የምትሸጥ አንዲት ሴት ገበያ ላይ ባየችው ቁጥር «እናትህ ደህና ናቸው? ሰላም በልልኝ» እንደምትለው ነግሮኛል። ልጅ ሳለ ከአገር የወጣች ናትና አላወቃትም፤ «ማን ናት እናቴ?» ሲለኝ፣ «የድሮ ጎረቤት» ብዬዋለሁ። የድሮ ጎረቤት።

ይቅርታ አልጠይቅም። ከማን እጠይቃለሁ? እማማ በቀለች ባሕር ዛፍ ሥር ናቸው። ክፍሌ ስሙን አቆሽሼበት ሄዷል። ጽጌማ ሳልጠይቃት ይቅር ብላኛለች፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ፈርቼ ነው ብልም ማመካኛ አይሆንም፤ በዚያ ዓመት ያልፈራ ማን ነበር? ያቺ ልጅ ከሁላችንም በላይ የምትፈራበት ነበራት፤ ቤት ለቤት የሄደችው ግን አይዟችሁ ለማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ሁለት አድርጌ ገልብጬዋለሁ። አንዱን ግርማ ለጽጌ ይወስድላታል፤ እሱም መንገድ ላይ እንዲያነበው አሳስቤዋለሁ። ሁለተኛውን በመጪው የቅሬ ስብሰባ ላይ ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ። ክፍሌ እንዳልደከመው ይስሙ። ለእማማ በቀለች ፍትሐት ይደረግላቸው ዘንድ ቄሱን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኔ የሚፈርዱትን ይፍረዱ።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ አፌ እንዲለምደው፣ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነባለሁ። «አልመጣችም» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ከዚያ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።